ያለ ጁስ ማሽን ቤት ውስጥ ጁስ መሥራት፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማሽን ለሌለው፣ ማሽን ኖሮት መብራት ለጠፋበት፣ ሁለቱም ኖረውት ማሽኑን ማጠብ ለሰለቸው።

ያለ ማሽን የሚሠራ ጁስ እውነት እንደ ጁስ ቤቱ ይሆናል?

ይሆናል። ማሽን የሚሠራው ሁለት ነገር ነው፤ ፍሬውን ያደቃል፣ ወይም ውሃውን ከአሰሩ ይለያል። ሁለቱንም እጅ፣ ሹካና ወንፊት ይሠሯቸዋል። ሱፍ ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦና አጥልሎ ለጾም ፍትፍት የሚያቀርብ ቤት ጁስ አቃተኝ ቢል ማን ያምነዋል?

አንድ ልዩነት ግን አለ። ማሽን ጥሬውንም ብስሉንም እኩል ፈጭቶ ይሰጣችኋል። እጅ ጥሬ ፍሬ አይገፋም። ስለዚህ በእጅ ስትሠሩ የሥራው ግማሽ ገበያ ላይ ያልቃል። በደንብ የበሰለ ፍሬ ካገኛችሁ የቀረው የሹካ ጉዳይ ነው። በእጅ የተሠራ ጁስ ብዙ ጊዜ ስኳር የማይፈልገውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ያልበሰለ ነገር ውስጡ ሊገባ አይችልም።

ምን ዕቃ ላዘጋጅ?

ሹካ፣ ስለታም ቢላዋ፣ ወንፊት፣ ጎድጓዳ ሳህንና ጆግ። ካሮትና አናናስ ለምትወዱ መፈቅፈቂያና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጨመራል። የእንቁላል መምቻ ካለ ጥሩ፤ ከሌለም አትግዙ።

ወንፊቱ የሻይ ማጥለያ አይሁን፤ ቀዳዳው ስለሚጠብ ወዲያው ይደፈናል። መካከለኛ ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወንፊት ይሻላል። ጨርቁን ደግሞ ለጁስ ብቻ ለዩት። ጠላ ያጣራ ጨርቅ ምንም ቢታጠብ ጌሾ ጌሾ ይላል። ሙቀጫም እንደዚያው ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ የለመደ ሙቀጫ ማንጎውን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ሎሚና ብርቱካን የመሳሰሉትን ጎምዛዛ ነገሮች በአሉሚኒየም ድስት አታቆዩ፤ አሲዱ ብረቱን ይነካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ብርጭቆ ወይም ሸክላ ሳህን ይበቃል።

ለጀማሪ የትኛው ፍሬ ይቀላል?

ሐብሐብ። ቆራርጣችሁ በሳህን ላይ በሹካ ስትጫኑት በራሱ ውሃ ይሆናል። በወንፊት አሳልፉት፣ ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ አለቀ። ውሃም ስኳርም አያስፈልገውም።

ከእሱ ቀጥሎ ብርቱካንና መንደሪን ናቸው። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶና ሙዝ ደግሞ ተደፍጥጠው በውሃ ይበጠበጣሉ እንጂ አይጨመቁም። አስቸጋሪዎቹ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ አፕልና አናናስ ናቸው፤ እነሱ መፈቅፈቂያና ጉልበት ይፈልጋሉ።

ገበያ ላይ እንዴት ልምረጥ?

ቅዳሜ ገበያም ሂዱ አራዳ፣ ለጁስ የሚሆነው ፍሬ ለዓይን የሚያምረው አይደለም። ማንጎው ሲነካ ትንሽ ለስለስ ይበል፣ ጫፉ ላይ ይሽተት። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ሙዝ ሌላው ሲያልፈው እናንተ ውሰዱ፤ ስኳሩ ያን ጊዜ ነው የሚበዛው። ብርቱካንና ሎሚ ግን በእጅ ተመዝነው ይገዛሉ። መጠናቸው እኩል ከሆነ ከበድ የሚለው ውሃ የያዘው ነው። ቆዳው ቀጭንና ለስላሳ ይሁን፤ ወፍራምና ሸካራ ልጣጭ ያለው ብዙ ጊዜ ከውስጡ ይልቅ ልጣጩ ይበልጣል።

ብርቱካኑ አረንጓዴ ስለሆነ ጥሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። በሞቃት አካባቢ የሚበቅል ብርቱካን ውስጡ በስሎም ቆዳው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ቢጫ የሚያደርገው ብርድ ነው።

ወቅቱንም ጠብቁ። ማንጎ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ ሲረክስ ነው ጁስ የሚጠጣው። ያን ጊዜ ሸርተት ያለውን፣ ትንሽ የተጎዳውን በቅናሽ ለምኑ። ሻጮቹ ማታ ላይ «ውሰዱት በቃ» ማለታቸው አይቀርም፤ ጸሐይ ሲያዘቀዝቅ መሄድ ይሄ ጥቅም አለው። የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ መጣል ይቻላል። የሻገተውን ፍሬ ግን ሙሉ በሙሉ ጣሉት።

የገዛሁት ማንጎና አቮካዶ ጥሬ ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

ጎንደር ላይ ይህ የሁልጊዜ ችግር ነው። ሌሊቱ ስለሚበርድ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ፍሬ ቶሎ አይበስልም። ፍሪጅ ውስጥ ከተታችሁት ደግሞ ባሰው። ማንጎና ሙዝ ሳይበስሉ ከቀዘቀዙ ይጠቁራሉ እንጂ ከዚያ በኋላ በደንብ አይበስሉም።

በወረቀት ከረጢት ወይም በጋዜጣ ጠቅልላችሁ፣ አንድ የበሰለ ሙዝ አብራችሁ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ሙዙ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ሌሎቹን ያበስላቸዋል። ጤፍ ውስጥ መቅበርም ይሠራል፤ ምክንያቱ ያው ነው፣ ጋዙ እንዳይወጣ ያፍነዋል። ፌስታል ግን አይሁን፤ ውሃ ያቋጥርና ያሻግታል።

ይህ ለማንጎ፣ ለአቮካዶ፣ ለፓፓያ፣ ለሙዝና ለዘይቱን ነው። ብርቱካን፣ ሎሚና አናናስ ከተቆረጡ በኋላ አይጣፍጡም። ጎምዛዛ አናናስ ከገዛችሁ ሳምንት ብታስቀምጡትም ያው ጎምዛዛ ነው።

ብርቱካንና ሎሚ ብዙ ውሃ እንዲሰጡኝ ምን ላድርግ?

ከፍሪጅ ከወጡ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ንከሯቸው። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ በመዳፍ እየተጫናችሁ አንከባሏቸው፤ ውስጥ ያሉት ከረጢቶች ይፈነዳሉ። በወገቡ ቁረጡት፣ ከላይ ወደ ታች አይሁን። በወገቡ ሲቆረጥ ሁሉም ክፍል ይከፈታል። ሹካውን መሐሉ ላይ ሰክታችሁ እያዞራችሁ ጭመቁ።

መካከለኛ ብርቱካን ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ለአንድ ብርጭቆ ሦስት ወይም አራት ያዙ። የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት ልጣጩን አትጠምዝዙት፤ ነጩ ክፍልና የልጣጩ ዘይት ገብተው ያመሩታል።

ሎሚ በብዛት በእጅ የጨመቀ ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ ይውጣ። የሎሚ ውሃ ቆዳ ላይ ቀርቶ ጸሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ብዙ ሰው አለርጂ ይመስለዋል።

ማንጎን ያለ ማሽን እንዴት ነው የማደቅቀው?

ይሄን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ማንጎን ልጦ ቆራርጦ በሹካ ሊደፈጥጥ ሲሞክር ክሩ ሹካው ላይ ተጠምጥሞ ያሰለቸዋል። አትላጡት። መጀመሪያ እጠቡት፤ በተለይ ግንዱ የነበረበትን ጫፍ። እዚያ የሚወጣው ነጭ ሙጫ ከንፈርንና ቆዳን ያሳክካል። ልጆች ማንጎ መጠው አፋቸው ዙሪያ ሽፍ የሚልባቸው ከዚያ ነው።

ከዚያ ሙሉውን ማንጎ በሁለት እጅ ይዛችሁ በአውራ ጣት እሹት። በዝግታ፣ እያዞራችሁ፣ ቆዳው ሳይቀደድ። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሥጋው ከፍሬው ሲላቀቅ በእጃችሁ ይሰማችኋል፤ ማንጎው የውሃ ከረጢት ይሆናል። ያን ጊዜ ጫፉን በቢላዋ ቆረጥ አድርጉና ወንፊት ላይ ገልብጣችሁ ጭመቁት። ወፍራም ብርቱካናማ ነገር ዘንቦ ይወርዳል። ፍሬው ሲወጣ እሱንም ወንፊቱ ላይ አሹት፤ ምርጡ ጣዕም ያለው እዚያ የተጣበቀው ላይ ነው። የቆዳውን ውስጥ ደግሞ በማንኪያ ፋቁ።

በማንኪያ ጀርባ ወንፊቱን እየተጫናችሁ አሳልፉት፣ ክሩ ከላይ ይቀራል። ለአንድ ብርጭቆ የማንጎ ልል፣ ማለትም በወንፊት ላለፈው ወፍራም ነገር፣ ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በቂ ነው። ጁስ ቤት የለመዳችሁት በማንኪያ የሚበላው ዓይነት ከሆነ ውሃውን ተዉት። ሎሚ ግን አትርሱ። ያለ ሎሚ ማንጎ ጣፋጭ ብቻ ነው፤ ከሎሚ ጋር ማንጎ ማንጎ ይላል።

አቮካዶስ? እንደ ማሽኑ አይለሰልስልኝም።

ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው፣ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ስኳሩን ጨምሩና ከስኳሩ ጋር ደፍጥጡት። የስኳሩ ቅንጣት አቮካዶውን ይፈጨዋል። ሁለተኛው፣ ውሃውን ወይም ወተቱን በአንድ ጊዜ አትገልብጡ። በሾርባ ማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት። በአንድ ጊዜ ከገባ ጓጉሎ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ብትመቱት አይፈታም። በመጨረሻ አንዴ በወንፊት አሳልፉት፣ ማንም ማሽን የለም አይላችሁም።

እንዳይጠቁር ሎሚውን መጀመሪያ ላይ ጨምሩ። የሚያጠቁረው ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚሠራ ኢንዛይም ነው፤ አሲድ ያዘገየዋል፣ ጨርሶ ግን አያስቆመውም። የውስጡን ጠንካራ ፍሬ ጁሱ ውስጥ ማስቀመጥ ያድነዋል የሚሉ አሉ። ፍሬው የሚያድነው ራሱ የሸፈነውን ቦታ ብቻ ነው። አቮካዶ ጁስ ሠርታችሁ ጠጡት፤ ለነገ አይሆንም።

ዘይቱን ፍሬው ጥርስ ይሰብራል። ለጁስ ይሆናል?

በጣም ይሆናል፤ እንዲያውም ያለ ማሽን የሚሻለው እሱ ነው። ማሽን ፍሬውን ሲፈጨው አሸዋ አሸዋ ይላል። እናንተ ግን ቆራርጡት፣ ውሃ ልክ እስኪሸፍነው ጨምሩና ለዐሥር ደቂቃ ያህል በትንሽ እሳት ቀቅሉት። ሲለሰልስ ደፍጥጣችሁ በወንፊት አሳልፉ፣ ፍሬው ሁሉ ከላይ ይቀራል። ቀዝቅዞ ሲጠጣ ሽታው ቤቱን ይሞላል።

ሲቀቀል ከቫይታሚን ሲው የተወሰነ ይቀንሳል። ዘይቱን ግን በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን የሚበልጥ ፍሬ ስለሆነ አይቆጫችሁ።

ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ አፕልና አናናስ?

በመፈቅፈቂያው ደቃቅ በኩል ፈቅፍቁ። አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ እርጩበትና ለዐሥር ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠምዝዙት። ክንድ ይደክማል፣ አልዋሻችሁም። ለሁለት ሰው ከሆነ ደስ ይላል፤ ለዐሥር ሰው ከሆነ ጎረቤት ማሽን ተዋሱ።

አናናስ በቀላሉ ይፈቀፈቃል፤ መሐሉን ያለውን ጠንካራ እንጨት መሰል ክፍል ሳትጥሉ ፈቅፍቁት። አፕል ወዲያው ይጠቁራል፣ ሎሚ ይፈልጋል። ቀይ ሥር የጠጣ ሰው በማግስቱ ሽንቱ ቀላ ቢል አይደንግጥ፤ ቀለሙ ነው።

የቀረውን የካሮት አሰር ሾርባ ውስጥ ክተቱት። የቀይ ሥሩን ደግሞ ከድንች ጋር ሰላጣ አድርጉት።

ስፕሪስ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል? ሁሌ ይቀላቀልብኛል።

ይቻላል። የሚቀላቀለው አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ስለሚሆን ነው። ሦስቱንም፣ ማንጎውን፣ ፓፓያውንና አቮካዶውን፣ እኩል አወፍሩ። መለኪያው ይሄ ነው፦ ማንኪያውን ስታዘነብሉት ጁሱ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ቀስ ብሎ በእብጠት ከወረደ ልክ ነው። ውሃ የመጨመር ልማድ ካላችሁ ለስፕሪስ ተዉት።

የመጀመሪያውን አፍሱ። ሁለተኛውን የብርጭቆውን ግድግዳ በነካ ማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። ፍሪጅ ካለ በየመሐሉ ጥቂት ማቀዝቀዝ ይረዳል። ከላይ ሎሚ፣ የወደደ ደግሞ ቪምቶ ጠብ ያደርጋል። እኔ ቪምቶውን አልወደውም፤ የፍሬውን ጣዕም ይውጠዋል። ግን ልጆች ያለ እሱ ስፕሪስ አይመስላቸውም።

ስኳር ምን ያህል? ማርስ ይሻላል?

ቅመሱና ወስኑ። ሐብሐብ፣ ማንጎና ሙዝ ባይጨመርባቸው እመርጣለሁ። ሎሚ ያለ ስኳር አይሆንም፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ከአራት እስከ አምስት ሎሚና ስድስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጥሩ መነሻ ነው።

ስኳር በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ ከታች ይዘቅጣል። ሰውም አልጣፈጠኝም እያለ ይጨምርበታል። መጀመሪያ በጥቂት ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ አብርዱና ከዚያ ቀላቅሉ። ማርም እንዲሁ ነው። ማር ስኳር አይደለም ብላችሁ ግን አታብዙ፤ ለሰውነት ያው ስኳር ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር በፍጹም አይሰጥም። ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላል።

የቧንቧ ውሃ ልጠቀም?

አፍሉት። ጁስ እንደ ሻይ አይፈላም፤ ውሃው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እንዳለ ይጠጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማታ አፍልታችሁ ከድናችሁ ብታሳድሩት በጠዋት የቀዘቀዘ ውሃ አላችሁ፤ የጎንደር ሌሊት ለዚህ ፍሪጅ አያስፈልገውም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በበርሜል የቆየ ውሃ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ማፍላት ካልተመቻችሁ ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩ፤ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አድርጉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ፍሬውንም ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡ። «ልጣጩን አልበላውም» አይባልም፤ ቢላዋው ከልጣጩ ላይ ያለውን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ከውጭ የሚገዛ በረዶም ከምን ውሃ እንደተሠራ አይታወቅም። በረዶ ካስፈለገ ከራሳችሁ ከፈላ ውሃ ሥሩ።

በጾም ጊዜ ያለ ወተት እንዴት ይወፍራል?

ሙዝ ጨምሩ። አንድ የበሰለ ሙዝ ለሁለት ብርጭቆ ማንጎ ወይም ፓፓያ የወተትን ያህል ያወፍራል። አቮካዶማ በራሱ ቅባት አለው፣ ምንም አይፈልግም። ኦቾሎኒ ልሞ ከተገኘ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለሙዝ ጁስ ግሩም ነው። የማንጎው ወቅት ከሁዳዴ ጋር መግጠሙ ለጿሚው ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለቆየ ሰው ግን ጁስ በባዶ ሆድ በአንድ ትንፋሽ አይጠጣ። መጀመሪያ ጥቂት ቅመሱ።

ወተት የጨመርኩበት የፓፓያ ጁስ መረረኝ። ወተቱ ነው?

ወተቱ ላይሆን ይችላል። ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የወተትን ፕሮቲን ይቆራርጠዋል። ሲቆይ ይመራል፣ አንዳንዴም ይቋጠራል። አናናስም ብሮሜሊን የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው። መርዝ አይደለም። ግን ከወተት ጋር ቀላቅላችሁ ከሆነ ወዲያው ጠጡት። ለማቆየት ከፈለጋችሁ ወተቱን በመጠጫው ሰዓት ጨምሩ።

ብርቱካን ጁሴ ጠዋት ጣፋጭ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ መረረ። ለምን?

ብርቱካን ሲጨመቅ ያልነበረ ምሬት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከውስጡ ዘርና ከነጩ ቆዳ የሚወጣ ነገር ከአሲዱ ጋር ቆይቶ ሊሞኒን ወደሚባል መራራ ነገር ይለወጣል። ስኳር መጨመር አያድነውም። ዘሮቹን ወዲያው ለቅማችሁ አውጡ፣ አጥልሉ፣ ልጣጩን አትጠምዝዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሊጠጣ ሲል መጭመቅ ነው።

ከላይ ውሃ፣ ከታች ዝቃጭ ሆኖ መለየቱ ግን ሌላ ነገር ነው። አልተበላሸም፤ አማስላችሁ ጠጡት።

ለጥምቀት እንግዳ ይመጣብኛል። ለሃያ ሰው በእጅ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ስፕሪስ አታስቡ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ 11 ጥምቀት። በሁለቱ ቀን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ገበያውም ይወደዳል። ፍሬውን ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ እንዲበስል አስቀምጡ። በጥር ማንጎው ገና ስለሆነ ፓፓያ፣ ሙዝና ሎሚ ላይ ተመሥረቱ።

በጣም የሚያዋጣው እንዲህ ነው። ሎሚና ስኳር ያለው ወፍራም ውሃ፣ ማለትም በሙቅ ውሃ የሟሟ ስኳር ላይ የተጨመቀ ሎሚ፣ በዋዜማው አዘጋጁና ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በበዓሉ ቀን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እያቀጠናችሁ አቅርቡ። ፓፓያውን በጠዋት ደፍጥጣችሁ ከእሱ ጋር ቀላቅሉ። ታቦቱን ሸኝቶ ጸሐይ መትቶት ከፋሲለደስ መዋኛ የተመለሰ ሰው ያንን ጠጥቶ «ማሽኑ የታለ?» አይልም።

ስንት ሰዓት ይቆያል? መብራት ቢጠፋስ?

ቤት የተጨመቀ ጁስ አልፈላም፣ እንዳይበላሽ የሚጨመር መከላከያም የለውም። ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን። በጠባብ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ብትከድኑት አየር ስለማያገኝ ጣዕሙ ይሻላል። መብራት ከጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ፤ ተዘግቶ እስከ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከቆየ ጁሱን፣ በተለይ ወተት ያለበትን፣ አትሞክሩት።

ማንጎ ሲረክስ ብዙ መግዛት ለምትወዱ፣ ልሉን ያለ ውሃ በረዶ ቤት አስቀምጡ። ሃይላንድ ውስጥ ከሆነ እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሲረጋ ስለሚያብጥ ይፈነዳል።

ለሕፃንና ለስኳር ሕመምተኛ ይሰጣል?

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጁስ አያስፈልግም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላም የተደፈጠጠ ፍሬ ከጁስ ይሻላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይላል። የቡና ስኒ ሁለት ያህል በሉት። በጡጦ አይሁን፣ ጥርስ ይጎዳል።

ስኳር ላለበት ሰው ነገሩ ጠንቀቅ ያለ ነው። አራት ብርቱካን ተቀምጦ የሚበላ ጥቂት ነው፤ አራት ብርቱካን ጨምቆ በሁለት ደቂቃ የሚጠጣ ግን ብዙ ነው። አሰሩ ሲጣል ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትም የጁስን ስኳር ከሚጨመር ስኳር ጋር አብሮ ይቆጥረዋል። «ከቤት የተሠራ ነው፣ ስኳር አልተጨመረበትም» የሚለው አያስተማምንም። መጠኑን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ ለእንግዳም ሲቀርብ ሳትጠይቁ አትገፋፉ። «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ለእንጀራ ይሁን።

ጁሱ በጠርሙስ ውስጥ አረፋ አወጣ፣ ክዳኑም «ጢስ» አለ። ይጠጣል?

አይጠጣም። እርሾ ገብቶ ስኳሩን መብላት ጀምሯል። እንደ ጠጅ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁት። ጠጅ ጌሾና ተመዝኖ የገባ ማር አለው፣ የሚጠብቀውም ሰው አለው። ይሄ በራሱ የጀመረ ነው፤ ከእርሾው ጋር ሌላ ምን እንደገባበት አይታወቅም። በጥብቅ ተከድኖ የቆየ የብርጭቆ ጠርሙስ ከሆነ ፊታችሁን አርቃችሁ፣ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁበት ክዳኑን በጥቂቱ አላሉና ድፉት። ጠርሙሱንም በፈላ ውሃ እጠቡ፤ አለበለዚያ ቀጣዩም ጁስ ቶሎ ይበላሽባችኋል።